ከቀዶ ጥገና በኋላ እግር ሲያብጥ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መላው

እማዬ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ከተጠገነ በኋላ አዘዞ ቤታችን ውስጥ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠት የሚጠበቅ ነው። ሰውነት የተጎዳውን ቦታ ለመጠገን ፈሳሽ ይልካል። ችግሩ ፈሳሹ ሳይመለስ ሲቀር ነው።

ጠዋት ደህና፣ ማታ ድብልብል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እግር ተንጠልጥሎ መዋሉ ነው። እኛ ቤት ጠያቂ አይቋረጥም ነበር። «እግዜር ይማርሽ» ብሎ የገባ ሁሉ ቡና ይጠጣል። እማዬም እንግዳ አክብራ ቁጭ ትላለች። ማታ ፋሻው ጠርዝ ላይ ቆዳዋ ተሰርጉዶ አገኘሁት።

መላው፦ በጀርባ ተኝቶ እግርን ከልብ ከፍ ማድረግ። በርጩማ ላይ ማሳረፍ ብቻውን አይበቃም፤ ከልብ በታች ነውና። ትራስ ከሌለ ጋቢ አጣጥፋችሁ ከባቱ ስር አድርጉ፤ ተረከዙ ምንም አይንካ። እማዬ ከዚያ በኋላ እንግዳ የተቀበለችው ተኝታ ነው፤ አንድም ሰው አልተቀየማትም።

እግር ሲከብድና ሲግም

ባት ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። ሐኪሙ ከፈቀደ በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል የእግር ጣትን ወደ ራስ መሳብ፣ ከዚያ ወደ ታች መግፋት ነው። በረዶም ይረዳል፤ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከ15 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ስፌቱን ሳያረጥብ። የደነዘዘ ቆዳ ላይ ግን አታድርጉ።

ጣቶች ሲቀዘቅዙ ወይም ሲጠቁሩ

ፋሻው ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁት፤ በ2 ሰከንድ ገደማ ደም ካልተመለሰበት ፋሻውን አላሉት። ካልተሻለው፣ ወይም የታሰረው በጀሶ ከሆነ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ጀሶ ቤት ውስጥ አይቆረጥም።

«ወጌሻ በቅቤ ይሸው» ሲባል

እባካችሁ እንቢ በሉ። ስፌት ያለበት እግር አይታሽም። ሐኪም ከፈቀደ ከቁስሉ ራቅ ብሎ፣ ጭኑን ወደ ብሽሽት አቅጣጫ በቀስታ መዳበስ ይቻላል። እጃችሁ የተኛ ሕፃን እንደሚዳብስ ይሁን።

ባት በድንገት ሲያብጥ፣ ሲያምና ሲግል

ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። አትሹት፣ አትዳብሱት፤ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ መግል ከያዘም በዚያው ቀን ለሐኪም አሳዩ።