ድሬ ብትነቀነቅ፦ አስቀድማችሁ ወደ ላይ እዩ

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ቬንቲሌተር እሰቅላለሁ፣ የተቃጠለ መስመር እቀይራለሁ፣ የውሃ ሞተር ከሮቶ ጋር አገናኛለሁ። ሳቢያን ያሉት አዳዲስ ቪላዎች፣ ከዚራ ያሉት የባቡር ዘመን ቤቶች፣ መጋላ ውስጥ ተደጋግፈው የቆሙት ግቢዎች፣ ሁሉም ጋ መሰላል ይዤ ገብቻለሁ። ሰው ቤቱን የሚያውቀው ከወለሉ ነው። እኔ ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ከእኔ የምትሰሙት በአብዛኛው ከራሳችሁ በላይ ስለተሰቀለው ነገር ነው።

"አቦ ተወን፣ ይሄ የአዋሽ ጉዳይ ነው" የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። እሺ። ከሐረር ወደ ድሬ በደንገጎ ስትወርዱ ጆሯችሁ ድፍን የሚለው ግን ለምን ይመስላችኋል? ከደጋው ጫፍ ወደ ስምጥ ሸለቆው እየወረዳችሁ ነው። ያ ሁሉ ቁልቁለት የተሠራው መሬት ተሰንጥቆ አንዱ ጎን ሲሰጥም ነው። እኛ የተቀመጥነው ከዚያ ስንጥቅ ግርጌ ነው። የኑቢያ፣ የሶማሌና የዓረቢያ የሚባሉት ሦስት የመሬት ንጣፎች አፋር ላይ ይገናኙና በዓመት በሚሊ ሜትር እየተለካ ይራራቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ነው። አንዳንዴ ግን ዝም አይሉም። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሣው ነውጥ ማጀቴን አፈረሰ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈረሰች።

የ2017ቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ከመሬት በታች ቅልጥ አለት መውጫ ሲፈልግ ለወራት ሲያንቀጠቅጥ ቆየ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ጥሎ ወጣ። የካቲት 7 ሌሊት የተመዘገበው በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ 6.0 ደርሷል። ቦታው ከእኛ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በነገራችን ላይ 5 እና 6 የሚባሉት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጎረቤት ይመስላሉ እንጂ በመካከላቸው ያለው የኃይል ልዩነት 32 እጥፍ ያህል ነው።

እኔ የቀመስኩት አዲስ አበባ፣ እህቴ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ታኅሣሥ 26 ነበር፣ ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሌሊት ወደ 10 ሰዓት ገደማ። መጀመሪያ የቁምሳጥኑ በር ተንቋቋ። ቀጥሎ አልጋው ሄድ መለስ አለ። አምፖሉ ሲወዛወዝ ጥላው ግድግዳው ላይ ይመላለሳል። ወዲያው ኮሪደሩ በጩኸት ተሞላ። አንዱ "እግዚኦ"፣ ሌላው "ያ አላህ" እያለ ሕፃን ታቅፎ በባዶ እግሩ ወደ ደረጃው። የሕንጻው ሰው ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ንዝረቱ ቆሟል። አንዲት እናት ግን ደረጃው ላይ ተገፍተው ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ነውጡ አንድ ብርጭቆ እንኳ አልሰበረም። እጃቸውን የሰበረው ሩጫው ነው። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ወርዶ የቆመው የት መሰላችሁ? በረንዳዎቹ ስር። ከላይ የዲሽ ሳህን፣ አበባ የተተከለበት የቀለም ቆርቆሮ፣ የከሰል ማንደጃ ተደርድሯል።

ድሬ ከተመለስኩ ወዲህ ሥራ በገባሁበት ቤት ሁሉ ዓይኔ ወደ ላይ ነው። እናንተም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መድቡና እንዲህ አድርጉ።

ከቬንቲሌተሩ ጀምሩ። ድሬ ውስጥ ግንቦትን ያለ ቬንቲሌተር የሚያድር ሰው የለም፤ ስለዚህ አውርዱት አልልም። የተያዘበትን እወቁ። ቤቱ ስላብ ከሆነ ኮንክሪቱ ሲሞላ ከብረቱ ጋር ታስሮ የተቀበረ መንጠቆ ይኖረዋል። ያ ጥሩ ነው። ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ሞራሌው፣ ማለትም ጣሪያውን የተሸከመው ወፍራም እንጨት ላይ ማረፍ አለበት። ኮርኒሱ ምንም አይሸከምም። ችፑድ ላይ በሁለት ብሎን ብቻ ተይዞ ዓመታት የዞረ ቬንቲሌተር ያወረድኩበት ቤት አለ፣ ከስሩ የሕፃን አልጋ። መፈተሻው ቀላል ነው። ብሬከሩን አጥፉ። ወንበር ላይ ቆማችሁ ዘንጉን ያዙና ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት። ዘንጉ መንጠቆው ላይ ትንሽ መወዛወዙ ጤናማ ነው። ኮርኒሱ አብሮት ከተነሣና ከወረደ ግን ዛሬውኑ ባለሙያ ጥሩ። ብሎኑ ወልቆ እንዳይወጣ ጫፉ ላይ የምትገባዋ መያዣ ሽቦ መኖሯንም እዩ። ለትርፍ ሰዓት የማይቸኩል ባለሙያ አንድ ተጨማሪ የብረት ገመድ ከዘንጉ ወደ ሞራሌው ያስርላችኋል። ዋጋው ከአንድ ቀን በርጫ አይበልጥም። አልጋውን ደግሞ ከስሩ ገለል አድርጉት። ነፋሱ በጎን ይደርሳችኋል።

ሮቶው የባሰ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ግቢ አንድ ሰቅሏል። 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1 ቶን ይመዝናል። ይህን ቶን በዛገ አንግል ብረት ላይ፣ ለዚያውም ከመኝታ ቤት ጣሪያ ጎን አቁመን እንተኛለን። እኔ ብጠየቅ መልሴ አጭር ነው፦ አውርዱት። ግቢው ውስጥ ደልዳላ የሲሚንቶ መደብ ላይ ይቀመጥና በትንሽ ሞተር ይገፋ። "ያኔ መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል" ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ ለዚያ አንድ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ይቀመጥ። ማውረድ ካልተቻለ ማቆሚያው እግሮቹ ሰፋ ያሉ፣ በመካከላቸው ሰያፍ ብረት የተበየደላቸው፣ ታችም በኮንክሪት የተቀበሩ ይሁኑ። በሙቀቱ ወራት ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥታችሁ የምትተኙ ከሆነ ደግሞ ከሮቶውም ከአጥሩም ራቅ በሉ። ያለ ብረት የተደረደረ የብሎኬት አጥር ከቤቱ ቀድሞ ይወድቃል።

የበርጫ ክፍል ለብቻው መታየት አለበት። ሰው ከሰዓቱን በሙሉ ፍራሽ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚያሳልፍበት ክፍል ነው። ከፍራሹ በላይ ምን አለ? በአንዳንድ ቤት በፍሬም የተሠራ ትልቅ መስታወት፣ በሌላው ጀበናና ፔርሙስ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ ወይም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን። እነዚህን ሰው ወደማይቀመጥበት ግድግዳ አዛውሩ። የከሰሉ ማንደጃም ምንጣፉ ላይ ሳይሆን ትሪ ላይ፣ ከመጋረጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ቁምሳጥን፣ ብፌና ፍሪጅ የሚታሰሩት አናታቸው ላይ ነው። ብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ጥሩ አይነክስም፤ ኮለኑን፣ የኮንክሪት ምሰሶውን፣ ፈልጋችሁ እሱ ላይ አስሩ። ጭቃ ቤት ከሆነ ማገሩን ወይም ቋሚውን አንኳኩታችሁ አግኙና እዚያ ምቱ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ከባዱን ካርቶን ከላይ መደርደር ተዉ። የሚያልፈው ደንበኛ አናት ላይ ነው የቆለላችሁት።

ሐረር ጁገል ውስጥ ያሉ ዘመዶቼ ቤት ሌላ ጣጣ አለው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ በጭቃ የተያያዘ ነው። ከነደባው፣ ከመቀመጫ መደቡ፣ በላይ ደግሞ ያ ሁሉ ያማረ ሳህንና ሞሰብ። ይህን ጌጥ አውርዱ የሚል ሰው ሐረርን አያውቅም፤ እኔም አልልም። ሞሰቡና ሰፌዱ ቀላል ነው፣ ባለበት ይቆይ። ከባድ ሳህኖችና የእንጨት ገበታዎች ግን በቀጭን ሽቦ ከጀርባ ይታሰሩ፣ ወይም እንግዳ የማይቀመጥበት ጥግ ይሁኑ። ከሁሉም በላይ ጣሪያውንና አሸንዳውን ጠግኑ። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚጠጣ ጭቃ ድንጋዩን መያዝ ይተዋል። ያን ጊዜ ትንሽ ንቅናቄ ይበቃዋል።

አሁን መሬቱ ተነቃነቀ እንበል። ንዝረቱ በአብዛኛው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ሥራችሁ ራሳችሁንና ማጅራታችሁን መጠበቅ ብቻ ነው። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ወደ ደረጃም ወደ ሊፍትም አትሂዱ፣ ከበረንዳም አትዝለሉ። ጎንበስ በሉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ካለ ስሩ ግቡ፣ እግሩን ያዙ። ጠረጴዛው አብሮ ይንሸራተታልና ካልያዛችሁት ጥሏችሁ ይሄዳል። የእኛ ቤት ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ የቡና ረከቦት የምታህል ናት፤ ያኔ ከመስኮትና ከቁምሳጥን ርቃችሁ የውስጥ ግድግዳ ጥግ ተንበርከኩ። በርጫ ላይ ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ፦ መደገፊያ ትራሱ አጠገባችሁ ነው፣ አናታችሁ ላይ ያዙት። አልጋ ላይ ያላችሁ በፊታችሁ ተደፍታችሁ ትራሱን በማጅራታችሁ ላይ አድርጉ። የበር መቃን ስር መቆም የድሮ ምክር ነው፤ ከሌላው ቦታ የተሻለ ጥበቃ የለውም፣ በሩም ጣት ይቆርጣል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ያረጀ የድንጋይና የጭቃ ቤት፣ ምድር ቤት፣ በሩ በሁለት ሦስት እርምጃ ውስጥ፣ ውጭው ደግሞ ሜዳ ከሆነ፣ ውጡ። ከባድ ግድግዳ ስር ከመጠበቅ ይሻላል። በሩ የሚከፈተው ወደ ጠባብ የመጋላ መንገድ ወይም ወደ ጁገል ቀጭን መተላለፊያ ከሆነ ግን መውጣቱ ከሁለት ግድግዳ መካከል መግባት ነው። ይህን በደህና ቀን ወስኑ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ማንም አያስብም።

ባጃጅ ላይ ከሆናችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ከኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ከትልቅ ዛፍና ከሕንጻ ራቁ። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ያላችሁ ከቅስቶቹ ስር ውጡ። ደንገጎ መንገድ ላይ የምትነዱ ቀስ ብላችሁ ገደል ወደሌለበትና ድንጋይ ወደማይናድበት ቦታ ደርሳችሁ ቁሙ። በዚያ ቀን ማታ ሐረር መድረስ ግዴታ ካልሆነ አትውጡ፤ የተናጋ ድንጋይ ከሰዓታትም በኋላ ይወርዳል።

ሲቆም ጫማ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚቆስለው ያን ጊዜ ነው፣ በጨለማ ብርጭቆ እየረገጠ። የከሰሉን እሳት አጥፉ፣ የጋዙን ሲሊንደር ዝጉ። ጋዝ ከሸተታችሁ ማብሪያ አትንኩ፣ ክብሪት አትጫሩ፣ ሁሉን ከፍታችሁ ውጡ። ካልሸተተ ዋናውን ብሬከር ጣሉት። ለዘመድ መደወሉን ትታችሁ አጭር መልእክት ላኩ፤ መስመሩ ሲጨናነቅ የሚያልፈው እሱ ነው።

ወጥታችሁ የምትሰበሰቡበትን ቦታ አሁኑኑ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩበት። የኳስ ሜዳ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ሽቦ የሌለበት ሰፊ አደባባይ። ሰፊ ሜዳ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ዳቻቱን፣ ከተማችንን የሚያቋርጠውን አሸዋማ የወንዝ መውረጃ ነው። አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ደጋው ላይ ነው፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ይመጣል። አሸዋው ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ማደር በተለይ በክረምት አይታሰብም። ዳቻቱ ዳር ያሉ ቤቶችም ሌላ ነገር ይወቁ፦ ጎርፍ ያመጣው ልል አሸዋና ደለል ከአለት ይልቅ ንዝረቱን ያጎላዋል።

ተከታይ ነውጥ ይመጣል፣ ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ ወዲያው ተመልሳችሁ ገብታችሁ ቴሌቪዥን ለማዳን አትሞክሩ። "ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል" የሚል መልእክት ስልካችሁ ላይ ከደረሰ አጥፉት፣ ለሌላም አታስተላልፉ። ሰዓቱን ቀድሞ መናገር የሚችል ሰውም መሣሪያም የለም።

ስትገቡ ግድግዳውን በቀን ብርሃን እዩ። ልስኑ ላይ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ብዙ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ግድግዳው ላይ እንደ መስቀል የተጠላለፈ ስንጥቅ፣ ኮለኑና ብሎኬቱ መካከል የተከፈተ ክፍተት፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ ዛሬ ግን የማይገጥም በር ነው። እንዲህ ካያችሁ መሐንዲስ ሳያየው እዚያ ቤት አትደሩ። መብራቱን ስትመልሱ መጀመሪያ ሁሉንም ሶኬት ንቀሉ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አንሱ፣ በእያንዳንዱ መካከል ጥቂት ጠብቁ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ወይም አንዱ ብሬከር አልይዝም ብሎ ከወደቀ፣ ግድግዳው ውስጥ የተጎዳ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ጥላችሁት ተዉት፣ በጉልበት አታንሱት፤ ባለሙያ እስኪመጣ በባትሪ ቆዩ።