የንፍፊት ናሙና ለሊምፎማ ምርመራ፦ ከቀዶ ጥገና ክፍል እስከ ስላይድ

ሊምፎማ (የሊምፍ ሴሎች ካንሰር) የተጠረጠረበት የንፍፊት ናሙና ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ማይክሮስኮፕ ሥር ሳይደርስ፣ ከሰውነት በወጣ በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ያኔ የጠፋውን የትኛውም ውድ አንቲቦዲ (የሴሎችን ዓይነት ለመለየት ስላይዱ ላይ የሚቀባ) አይመልሰውም።

ለማውጣት የቀለለው ሳይሆን ትልቁና በቅርቡ ያደገው ንፍፊት ይመረጥ። አንገትም ብሽሽትም ላይ ካለ የአንገቱን ውሰዱ፤ የብሽሽቱ በእግር ቁስልና በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ጠባሳ ስለሚበዛበት መልሱ «የቆየ ብግነት» ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ንፍፊቱ ከነሽፋኑ ሙሉውን ይውጣ። በቀጭን መርፌ የሚቀዳ ናሙና ለእጢ ቲቢ ጥሩ ነው፤ ለሊምፎማ ግን ሴሎቹን እንጂ አሰላለፋቸውን አያሳይም። በሆጅኪን ሊምፎማ ደግሞ የካንሰሩ ሴሎች በጤነኞቹ መሃል እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥቂቶች ስለሆኑ መርፌው ስቷቸው ሊያልፍ ይችላል። የቲቢ መድኃኒት በአግባቡ እየወሰደ እብጠቱ ያልጎደለለት ታካሚም ናሙናው ይወሰድለት። ትንፋሽ የሚያሳጣ አስቸኳይ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) ከናሙናው በፊት አይጀመር፤ የሊምፎማ ሴሎችን በቀናት ውስጥ አሟሽሾ ምርመራውን ያጨልመዋል።

የወጣውን ንፍፊት በኖርማል ሳላይን ረጥቦ በተጨመቀ ጎዝ ጠቅልላችሁ ወዲያው ወደ ላብራቶሪ ላኩ። ደረቅ ጎዝ ጠርዙን ያደርቀዋል፣ ሳላይን ውስጥ ማንሳፈፍ ደግሞ ሴሎቹን ያሳብጣል። በፎርሴፕስ አትጭመቁት፤ የተጨፈለቀ ሊምፎሳይት (የንፍፊቱ ሴል) ኒውክሊየሱ እንደፈሰሰ ቀለም ተዘርግቶ ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ የሚነበብ ነገር የለም።

ላብራቶሪ ሲደርስ በአዲስ ምላጭ፣ በአንድ ስበት፣ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ውፍረት ይቆረጥ። የተቆረጠውን ፊት ስላይድ ላይ ሳትጎትቱ ነካ አድርጋችሁ አንሱ። አራት ስላይድ ይበቃል፦ ሁለቱ በአየር ደርቀው ጊምሳ ለተባለው ቀለም፣ ሁለቱ ሳይደርቁ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ። ቲቢም ከተጠረጠረ ቁራጩ ለጂንኤክስፐርት (የቲቢ ባክቴሪያን ዲኤንኤ ለሚፈልገው ምርመራ) እና ለባክቴሪያ ማሳደጊያ የሚለየው አሁን ነው፤ ፎርማሊን የነካው ላይ ባክቴሪያው አያድግም።

የቀረው ወደ ፎርማሊን ይገባል። ለአንድ ሊትር፦ 100 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ (ከ37 እስከ 40 በመቶ) ፎርማልዲሃይድ፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌት እና 6.5 ግራም ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ፎስፌት። ፒኤቹ 7 አካባቢ ይሁን። ሁለቱ ጨዎች ካልገቡ ፎርማሊኑ ቀስ በቀስ አሲድ ይሆናል፤ ዲኤንኤ ይቆራረጣል፣ ደም የበዛበት ቦታ ላይም የወባን ቅሪት የሚመስል ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። የፎርማሊኑ መጠን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ፣ ቆይታው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው።

ሳይቆረጥ የተነከረ ንፍፊት በማግስቱ ሲከፈት ጠርዙ ግራጫና ጠንካራ፣ መሃሉ ግን ሮዝና ለስላሳ ነው። ሽፋኑ ፎርማሊኑን አዘግይቶት መሃሉ በስብሷል ማለት ነው። ሲዲ20 (ቢ ሴል የተባሉትን ሊምፎሳይቶች የሚለይ አንቲቦዲ) ሲቀባ ቀለሙ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ይዞ መሃሉ ባዶ ይሆናል፤ ያላስተዋለ አንባቢ «እዚህ ቢ ሴል የለም» ብሎ ይጽፋል። ላብራቶሪው ሩቅ ከሆነ ታዲያ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ በቁመቱ ለሁለት ከፍሎ ይንከረው።

ማይክሮቶሙ (ናሙናውን በስሱ የሚቆርጠው መሣሪያ) 3 ማይክሮን ላይ ይሁን። ሲወፍር ሴሎች ይደራረባሉ፣ ትልቁን ከትንሹ መለየት ይቸግራል።

አንቲቦዲ የሚታዘዘው መደበኛው የሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ስላይድ ከታየ በኋላ ነው፤ ሁሉንም ባንዴ ማዘዝ ብክነት ነው። ለመጀመሪያው ዙር ሲዲ20፣ ሲዲ3 (ለቲ ሴሎች) እና ኪ-67 (በመባዛት ላይ ላሉ ሴሎች) ይበቃሉ። ትልልቅ፣ ጎልቶ የሚታይ ኒውክሊዮለስ (በኒውክሊየሱ ውስጥ ያለ ነጥብ) ያላቸው ሴሎች ካሉ ሲዲ30፣ ሲዲ15 እና ፓክስ5 ይጨመሩ፤ ሆጅኪን ከሆነ ፓክስ5 የሚይዘው ደብዘዝ ብሎ ነው። ኪ-67 ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ሲዲ10 ከያዘና ቢሲኤል2 ካልያዘ ቡርኪት (በጣም ፈጥኖ የሚያድግ ሊምፎማ) ይጠረጠራል፣ የሚክ (MYC) ጂን ወደ ሌላ ክሮሞሶም መዛወሩን የሚያይ ምርመራም ይከተላል። እያንዳንዱ ስላይድ ላይ የቶንሲል ቁራጭ አብሮ ይለጠፍ። ቶንሲሉ ቀለም ካልያዘ የታካሚው ውጤት አይነበብም፣ ሥራው ይደገማል።

የመጠየቂያ ቅጹ ላይ ዕድሜ፣ ንፍፊቱ የወጣበት ቦታ፣ የኤችአይቪ ሁኔታና የተወሰዱ መድኃኒቶች ይጻፉ። ሪቱክሲማብ (ሲዲ20ን ዒላማ የሚያደርግ የሊምፎማ መድኃኒት) የወሰደ ሰው ካንሰሩ እያለ ሲዲ20 ሊጠፋበት ስለሚችል፣ ይህ ከተጻፈ ፓቶሎጂስቱ ከመጀመሪያው በሲዲ79ኤ ወይም በፓክስ5 ይፈልጋል።