በስቲም ላይ ጌማችሁን ሳትዋሹ ማስተዋወቅ

የኮምፒውተር ጌም መደብር በሆነው ስቲም ላይ ጌም የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ከጠየቀና የተጫወተው ከ2 ሰዓት በታች ከሆነ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ገንዘቡ ይመለስለታል። ትሬለሩ (የማስተዋወቂያ ቪዲዮው) ላይ ያየው ነገር ጌሙ ውስጥ ከሌለ ብዙውን ጊዜ የሚነቃው በእነዚያው 2 ሰዓታት ነው። ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ የጻፈው አስተያየት ግን ገጻችሁ ላይ ይቀራል። ማስታወቂያችሁን ስታዘጋጁ ከዚህ ሂሳብ ተነሱ።

ትሬለርና ስክሪንሾት

ትሬለር ከመቁረጣችሁ በፊት ገዢው የሚያወርደውን ቢልድ (የጌሙን ቅጂ) ክፈቱና ባለ 4 ዓምድ ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ስንተኛው ሰከንድ፣ ምን ይታያል፣ የትኛው ደረጃ ላይ ነው፣ ተጫዋቹ ስንት ሰዓት ተጫውቶ ይደርስበታል። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ የቀረበት ቅንጭብ ይወጣል። አምስተኛው ሰዓት ላይ የሚመጣ ነገር መግባት ይችላል፣ ትሬለሩ ግን በእሱ አይከፈት። ቀረጻውን «የሚመከር» ብላችሁ ገጹ ላይ በጻፋችሁት የኮምፒውተር አቅም አድርጉት።

ስህተቱ ሁልጊዜ ከክፋት አይመጣም። ለማሳያ ብቻ የተሠራ አንድ ክፍል ብርሃኑና ጥላው አምሮ ይቀረጻል። በኋላ ጌሙ እንዳይንቀራፈፍ ሲባል ብርሃኑ ይቀነሳል፣ በአንድ ጊዜ የሚመጡት ጠላቶች ከ30 ወደ 12 ይወርዳሉ፤ ትሬለሩን ግን ማንም አይነካውም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከልቀቱ 2 ሳምንት ቀደም ብላችሁ እንደገና ፈትሹ።

የስቲም ባለቤት ቫልቭ ከኅዳር 2016 ጀምሮ (ዓመትና ቀኑ እዚህም ከዚህ በታችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በስክሪንሾት ቦታ ከጌሙ ከራሱ የተነሳ ምስል ብቻ እንዲገባ ይጠይቃል። የንድፍ ሥዕል ወይም የሽልማት ጽሑፍ የተለጠፈበት ምስል እዚያ ቦታ የለውም። ደንቡ የመጣው «ኖ ማንስ ስካይ» የተባለው ጌም፣ ሲተዋወቅ የታየው ነገር ውስጡ የለም ተብሎ ባስነሳው ቁጣ ማግስት ነው። የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ የጌሙን የስቲም ገጽ መርምሮ በዚያው ዓመት አሳሳች አይደለም ብሏል። ቢሆንም የጌሙ ሠሪ ሄሎ ጌምስ የተጫዋቹን እምነት ለማስመለስ ዓመታት የፈጀ ነፃ ማሻሻያ መሥራት ነበረበት። በሕግ ነፃ መውጣት ስምን አያስመልስም።

የገጹ ጽሑፍ

በአሁን ጊዜ ጻፉ፦ «ይሠራል»፣ «አለው»። «ይኖረዋል» የሚለው ቃል በወጣበት ቦታ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዙት። ኧርሊ አክሰስ (ጌሙ ሳያልቅ የሚሸጥበት መንገድ) ላይ ስለ ወደፊቱ የተለየ ቃል አለመግባት የቫልቭም መመሪያ ነው። «በ6 ወር ውስጥ መልቲፕሌየር ይገባል» ከማለት «አሁን ለአንድ ተጫዋች ብቻ ነው፤ መልቲፕሌየር ለማግኘት ብላችሁ አትግዙ» ማለት ይሻላል። ይህ ጥቂት ገዢ ያስቀራል፤ የሚቀረው ግን ነገ ተናዶ የሚጽፈው ገዢ ነው። «ዘ ዴይ ቢፎር» በሰፊ ዓለም ውስጥ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወትበት ጌም ተብሎ ሲጠበቅ ቆይቶ በታኅሣሥ 7 ቀን 2023 ወጣ። ተጫዋቾች ቃል የተገባላቸውን አላገኙም፣ ስቱዲዮውም በ4 ቀን ውስጥ መዘጋቱን አስታወቀ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሥዕል፣ ድምፅ ወይም ጽሑፍ ካለ የስቲም መጠይቅ ላይ ግለጹ፤ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ግዴታ ነው። ያልተነገረ ሥዕል ተጫዋች ሲያገኝ ስለ ቀረውም ሥራችሁ መጠራጠር ይጀምራል።

አስተያየትና ኪይ

ከተጫዋቾች አስተያየት የሚሰላው የጌሙ ደረጃ የሚታየው 10 አስተያየት ሲሞላ ነው፤ ፈተናውም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለወዳጅ ኪይ (ጌሙን ስቲም ላይ የሚያስከፍት ኮድ) ሰጥቶ ማስጻፍ ለደረጃው ምንም አይጠቅምም፤ ከመስከረም 2016 ወዲህ በኪይ የተከፈተ ቅጂ አስተያየት በደረጃው ስሌት ውስጥ አይገባም። ገዝተው እንዲጽፉ ማድረግ ደግሞ የባሰ ነው። በየካቲት 2018 የኢንሰል ጌምስ ኃላፊ ሠራተኞቹ ጌሙን ገዝተው አስተያየት እንዲጽፉ ማሳሰቡ ሲጋለጥ፣ ቫልቭ የድርጅቱን ጌሞች በሙሉ ከመደብሩ አወጣ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ሐሰተኛ አስተያየትን ያስቀጣል። የሚሠራው መንገድ ቀላል ነው፦ ዋናው ሜኑ ላይ ወደ ስቲም ገጽ የሚወስድ «አስተያየት ጻፉ» የሚል ቁልፍ አስቀምጡ። ሽልማት አታያይዙበት። «ከወደዳችሁት» የሚል ቃልም አትጨምሩ፣ የተከፋውን ለይቶ ያስቀራልና።

ለዩቲዩበር ኪይ ስትልኩ አንድ ኪይ ለአንድ ሰው ይሁን፤ ለማን እንደሄደ መዝግቡ። የጠየቀውን ኢሜይል ቻናሉ ራሱ ላይ ካስቀመጠው አድራሻ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፣ በአንድ ፊደል የሚለያዩ አስመሳዮች ብዙ ናቸውና። 4 ወይም 5 ኪይ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ለመሸጥ ሊሆን ስለሚችል አንድ ብቻ ላኩለት። የስቲም ኩሬተር (ጌም መርጦ ለተከታዮቹ የሚጠቁም) ነኝ የሚል ካለ ኪይ ሳትሰጡ የስቲም የራሱ መላኪያ በሆነው በኩሬተር ኮኔክት በኩል ላኩ።

ገንዘብ የከፈላችሁበት ቪዲዮ ከሆነ ክፍያው መጀመሪያ ላይ በድምፅ እንዲነገር በውል አስፍሩ። በ2016 የአሜሪካው ኮሚሽን ዋርነር ብራዘርስን የከሰሰው ክፍያው ከቪዲዮው በታች፣ ካልተጫኑት በማይታይ መስመር ተደብቆ ስለነበር ጭምር ነው። ሬዲትና ዲስኮርድ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር «ሠሪው እኔ ነኝ» ይበል። «ይህን ጌም አሁን አገኘሁት» ብሎ የሚጽፍ ሠሪ የአካውንቱን ታሪክ ባየ ሰው በደቂቃ ይጋለጣል።

መጥፎ አስተያየት ሲመጣ

ጌሙ በድንገት ይዘጋብኛል ወይም ይንቀራፈፋል ለሚል ሰው በገንቢ መልስ ቦታ ላይ ችግሩን በራሱ ቃል ድገሙለት፣ የቢልድ ቁጥሩን ጠይቁ፣ ሲስተካከል መልሳችሁን ከፍታችሁ የተስተካከለበትን ቁጥር ጨምሩ። አልወደድኩትም ላለ ሰው አትከራከሩ። ስላስከፋችሁ ብቻ አስተያየትን «ስድብ» ብላችሁ አትጠቁሙ፤ ያ ለእውነተኛ ስድብ የተተወ ነው። ጌም ሠሪው ዲጂታል ሆሚሳይድ በ2016 አንድ መቶ የስቲም ተጠቃሚዎችን ሲከስ ቫልቭ ጌሞቹን ከሽያጭ አወጣ፣ ክሱም በቀጣዩ ዓመት ተዘጋ።

ቃል የገባችሁት ነገር እንደማይሠራ ባወቃችሁበት ቀን ሦስቱን አንድ ላይ አድርጉ፦ መስመሩን ከገጹ አጥፉ፣ ቅንጭቡን ከትሬለሩ ቁረጡ፣ «ይህ አይኖርም» የሚል ርዕስ ያለው ማስታወቂያ ዊሽሊስት (ሊገዙ ያሰቡትን መያዣ ዝርዝር) ውስጥ ላስገቡትና አስቀድመው ለገዙት አውጡ። ማስታወቂያው ምን እንደ ቀረ፣ ለምን እንደ ቀረ፣ ገንዘብ ማስመለስ የሚፈልግ ሰው የት እንደሚጠይቅ በ5 ወይም 6 ዓረፍተ ነገር ይግለጽ።