ከአተር ዲኤንኤን በቤታችን እንዴት እናወጣለን?

መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ በብርኖ ከተማ ባለ ገዳም ጓሮ 28,000 ያህል የአተር ተክል አሳድጎ መረመረ። ድቡልቡሉን አተር ከተጨማደደው ጋር አዳቀለና መልካቸው ለልጅ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ፍሬ በፍሬ ቆጠረ። የሚተላለፈውን ነገር፣ ማለትም ዲኤንኤን፣ ግን ሳያየው ሞተ። እኛ ማድቤት ባለው ዕቃ ልናየው እንችላለን። እኔ ይህን ሥራ ከልጆች ጋር መሥራት በጣም እወዳለሁ።

የሚያስፈልገው ግማሽ ብርጭቆ አተር፣ ጨው፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ትኩስ አናናስና ከፋርማሲ የሚገዛ 96 ወይም 97 ፐርሰንት አልኮል ነው። አረቄ አይሆንም፤ ውሃው ይበዛል። ሽሮም አይሆንም፣ እሳት ላይ ታምሷል። ክክም ቢሆን ታምሶ የተከካ ሊሆን ስለሚችል ድፍን ጥሬ አተር ይሻላል።

1. አተሩን ማታ ዘፍዝፉት። አልኮሉን ጠዋት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

2. አተሩን አጥልላችሁ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃና በሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው 15 ሰከንድ ብቻ ፍጩት። መብራት ከሌለ በሙቀጫ ውቀጡት። ከዚያ በጥሩ ማጥለያ አጥልሉት።

3. በፈሳሹ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳሙና ጨምሩና ቀስ አድርጋችሁ አማስሉት። አረፋ እንዳያወጣ ተጠንቀቁ። አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። የሴሉ ሽፋን ከቅባት የተሠራ ነው። ሳሙና የወጥ ድስት ላይ ያለውን ቅባት እንደሚያለቅቀው ሁሉ ሽፋኑን ይበትነዋል፣ ዲኤንኤውም ይለቀቃል።

4. ጥቂት ጠብታ የአናናስ ጭማቂ አድርጉበት። ዲኤንኤው የተጠቀለለበትን ፕሮቲን ይቆራርጣል። የታሸገ አናናስ ሲዘጋጅ ስለሚሞቅ ይህን አይሠራም።

5. ዋናው ቦታ ይህ ነው፣ አትቸኩሉ። ፈሳሹን ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ እስከ ሲሶው ሙሉት። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ቀዝቃዛውን አልኮል በግድግዳው ላይ በቀስታ አንቆርቁሩ፣ መጠኑ ከፈሳሹ እኩል ይሁን። ከምድጃ ራቁ፣ አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላል። አልኮሉ ከላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር ትኩር ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ እንደ ጉም ያለ ነገር ይታያል። ከዚያ ትናንሽ አረፋዎችን ያዘሉ ነጫጭ ክሮች ወደ ላይ ይወጣሉ። በስቴኪኒ ቀስ እያደረጋችሁ ጠቅልሏቸው።

አንዱ ዲኤንኤ ብቻውን ለዓይን አይታይም። የምናየው ብዙ ሺህ ሺዎች ተጣብቀው ነው፣ ልክ ስስ የጥጥ ጭረት ተፈትሎ ክር እንደሚሆነው። ትንሽ ፕሮቲንም አብሮ ይወጣል።

ሜንዴል የቆጠረው የተጨማደደ አተር ምስጢርም እዚህ ክር ላይ ነበር። ዲኤንኤ በአራት ዓይነት ኬሚካላዊ ፊደላት እንደተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ጂን ደግሞ አንድ ሥራ የሚያዝ የጽሑፉ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች ደረሱበት፤ ስታርች ለመሥራት ከሚያግዙት ጂኖች በአንዱ መሃል 800 ያህል ፊደላት ያሉት ባዕድ ቁራጭ ተሰንቅሯል። ስታርቹ ሲያንስ ስኳር ይበዛል፣ ፍሬው ውሃ ይስባል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ዛሬ ዝርያ የሚያሻሽሉ ባለሙያዎች የሚፈልጉት እንዲህ ዓይነቱን ልዩነት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። በስቴኪኒው ላይ ያለው ዲኤንኤ ሁሉም አብዛኛው ዲኤንኤ ከሚቀመጥበት ከሴሉ እምብርት፣ ከኒውክለስ፣ የመጣ አይደለም። በሴሉ ውስጥ ያሉት፣ ኃይል የሚሰጠው ሚቶኮንድሪያና ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፕላስት የየራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ በፊት ለብቻቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበሩ። ሌላ ሴል ዋጣቸው፣ ግን አልፈጫቸውም፣ አብረው ቀሩ። አሜሪካዊቷ ባዮሎጂስት ሊን ማርጉሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን ስትጽፍ ብዙ ሳይንቲስቶች አልተቀበሏትም ነበር። በኋላ የዲኤንኤያቸው ፊደል ሲነበብ ግን የቅርብ ዘመዶቻቸው ባክቴሪያዎች ሆነው ተገኙ። የአተሩም፣ የባክቴሪያውም፣ የእኛም ዲኤንኤ የተጻፈው በእነዚያው አራት ፊደላት ነው።

ክር ካልወጣላችሁ አልኮሉ በደንብ አልቀዘቀዘም፣ ወይም አተሩ ታምሶ ነበር። ከወጣላችሁ በትንሽ ብልቃጥ አልኮል ጨምራችሁ ክደኑትና ለልጆቹ አስቀምጡላቸው። የተረፈውን ፈሳሽ ማንም እንዳይቀምሰው ወዲያው ድፉት።