ወርቁ ሲላጥ፣ ሰማያዊው ሲገረጣ፦ የብራና ሥዕል ቤት ረዳት ችግርና መፍትሄ

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሪስ ኤረምቡር ደ ብሪ በተባለ መንገድ የብራና ሥዕል ሠሪዎች ተጎራብተው ይሠሩ ነበር። የሥዕሉ ምስጋና ለዋናው ሠዓሊ ይሰጥ እንጂ ገጹ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ገና በዝግጅቱ ነው፤ ዝግጅቱ ደግሞ የረዳቱ ድርሻ ነበር። ረዳቱም ሁልጊዜ ተቀጣሪ ልጅ አልነበረም። ዣን ደ ሞንባስቶን የተባለችው ሴት ከባሏ ከሪሻር ጋር ስትሠራ ኖራ፣ እሱ ሲሞት እ.ኤ.አ. በ1353 በራሷ ስም የመጽሐፍ ነጋዴነት ቃለ መሐላ ፈጽማለች።

ወርቁ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። የወርቁ ቅጠል፣ ማለትም ተቀጥቅጦ የሳሳው ወርቅ፣ እጅግ ስስ ስለሆነ በራሱ አይቆምም፤ ጥፋቱን ከሥሩ ባለው ንጣፍ ፈልጉ። ንጣፉ ከላመ ጀሶ፣ ከእርሳስ ነጭ (እርሳስ ከተባለው ብረት ከሚገኝ ነጭ ዱቄት)፣ ከጥቂት ስኳር ወይም ማርና ከዕንቁላል ነጭ ይሠራል። ስኳሩ ከአየር እርጥበት እየሳበ ንጣፉን ያለዝበዋል። ካነሰ ገጹ በተገለጠ ቁጥር ንጣፉ ይሰነጠቃል፤ ከበዛ ደግሞ እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ወርቁም አያበራም። መፍትሄው በቁራጭ ብራና ላይ አስቀድሞ መሞከር ነው። ንጣፉ በስሱ እየተደራረበ ይቀባል፤ ሲደርቅ በቢላዋ ይስተካከላል። ከዚያ ረዳቱ በቀጭን ቱቦ እፍ ይልበታል፤ የትንፋሹ እርጥበት ማጣበቂያውን ሲቀሰቅሰው ወርቁ ወዲያው ይጣላል፣ ተጭኖም በውሻ ጥርስ ወይም በለሰለሰ ድንጋይ ይወለወላል። አየሩ በደረቀበት ሰዓት ወርቅ አይይዝም፤ ማለዳ ይመረጣል።

ንጣፉ አረፋ ካወጣስ? የጥንቱ የሙያ መመሪያ ጥቂት የጆሮ ኩክ ጨምሩበት ይላል። ነገሩ ቢያስገርምም ቅባት አረፋን ስለሚሰብር ምክሩ ትክክል ነው።

ቀለሙ ላይ የወርቅ ብናኝ ተጣብቋል። ወርቁ ከቀለሙ በኋላ ተጥሏል ማለት ነው። መጀመሪያ ንድፉ፣ ቀጥሎ ወርቁና ውልወላው፣ ከዚያ ቀለሙ። ሌላ መድኃኒት የለውም።

ሰማያዊው ገርጥቷል፣ ቀዩ ደብዝዟል። ሁለቱም ጥፋት የሚመጣው ከአንድ ወፍጮ ድንጋይ ነው፤ ለጀማሪ ረዳት ከዚህ የከበደ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። አዙራይት የተባለው ሰማያዊ ድንጋይ በተፈጨ ቁጥር ይነጣል፤ ሻካራ ሳለ መተው አለበት። ከሜርኩሪና ከድኝ የሚሠራው ቀይ ግን መፍጨት አይጠገብበትም። እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ ስለ ሙያው የጻፈው ጣሊያናዊው ቼኒኖ ቼኒኒ፣ ቀዩ በየቀኑ ለ20 ዓመት ቢፈጭ ይበልጥ ይሻላል እስከ ማለት ደርሷል። እሱ ራሱ ከመምህሩ ዘንድ 12 ዓመት የተቀመጠ ሰው ነውና ቃሉን አምናለሁ። ስለዚህ ረዳቱ ክንዱን ከማንቀሳቀሱ በፊት የትኛውን ቀለም እንደያዘ ይወቅ።

አረንጓዴው ብራናውን ይበላል። ከገጹ ጀርባ ቡናማ እድፍ ካያችሁ መዳብ በኮምጣጤ እንፋሎት ዝጎ የተገኘው አረንጓዴ ነው። ሳፍሮን የተባለውን ቢጫ የአበባ ቅመም ይቀላቅሉበት ነበር፤ ቀለሙን ወደ ቢጫ ያደላዋል፣ ጉዳቱንም ያዘገያል። ብራናው አንዴ ከተበላ ግን አይመለስም።

ቀለሙ ብራናው ላይ አይረጋም። ቅባት አለበት። በደቀቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም በጠመኔ ይታሻል። የእኛም ብራና ፋቂዎች የተወጠረውን ቆዳ በድንጋይ የሚያሹት በከንቱ አይደለም።

የመነሻው ፊደል ስህተት ነው። ቁም ጸሐፊው ለትልቁ ፊደል ቦታውን ባዶ ትቶ በኅዳጉ ላይ ትንሽ ምልክት ያኖርለታል፤ አንዳንዴም የቀለሙን ዓይነት በአንድ ፊደል ይጠቁማል። ረዳቱ ምልክቱን ብቻ አይቶ ቃሉን ሳያነብ ከሣለ ትርጉሙ ይበላሻል። ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ሙሉውን ቃል ያንብብ። ከተሳሳተም ቀለሙ ሲደርቅ በስለታም ቢላዋ በቀስታ ይፋቃል፣ ቦታው እንደገና ይለሰልሳል፣ ትክክለኛው ፊደል ይሣልበታል። የተፋቀው ቦታ ሻካራ ሆኖ ከቀረ ግን አዲሱ ቀለም ዙሪያውን ይሰርጋል።