ጂሚ ሄንድሪክስን በድሬ ሙቀት እንዴት እንዘክረው?

አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ ለንደን ውስጥ በ27 ዓመቱ ያረፈው መስከረም 8 ቀን 1963 ነው። እንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ሳይገባ፣ ሰው ሁሉ ለጨዋታ በሚመቸው ሰሞን። እኛ ከዚራ በአንድ ወዳጃችን ግቢ ነው የምንዘክረው። አንተም ሳቢያን ሁን መጋላ፣ ልታዘጋጅ ካሰብክ እንዲህ አድርግ።

አቦ፣ መጀመሪያ ጎረቤት! ይሄ የሚጮህ ጊታር ነው። ቀድመህ ንገራቸው፣ የዒሻ ሶላት ካለቀ በኋላ ጀምር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) አጥፋ። ከነልጆቻቸው ጥራቸው፤ የተጠራ ሰው ስለ ጩኸት አያማርርም። ሳምቡሳና ሻይ ይበቃል።

ስለ አሟሟቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፦ የእንቅልፍ ክኒን አብዝቶ ወስዶ በተኛበት ቀረ። በ27 ዓመታቸው የሞቱ ዘፋኞችን ስም መደርደር የሚጀምር አይጠፋም፤ ሻይ ቅዳ በለውና አስነሳው። የምሽቱ ጉዳይ የሰውዬው እጅ ነው።

ግራኝ ነበር። ለቀኝ እጅ የተሠራ ስትራቶካስተር የሚባል ኤሌክትሪክ ጊታር ገልብጦ ይይዛል፣ ክሮቹን ግን ወፍራሙ ከላይ እንዲሆን መልሶ ያስራቸዋል። ጊታሩ ሲገለበጥ ብሪጁ (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት) አጠገብ ዘንበል ብሎ የተገጠመው ፒክአፕ፣ የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት፣ ዝንባሌው ይዞራል፤ ወፍራሞቹ ክሮች ጠራ ይላሉ፣ ቀጫጭኖቹ ወፈር። ይህን አታስረዳ፣ አሰማ። ሁለት አንድ ዓይነት ጊታር ከተገኘ አንዱን እንዳለ ተው፣ ሌላውን ለግራኝ እሰረው፣ ያው ዜማ በሁለቱም ይሰማ። ክሮቹ የሚያርፉባትን ባለ ቦይ አጥንትም ቀስ ብለህ አላቅቀህ አዙራት፤ አለዚያ ወፍራሙ ክር በቀጭኑ ቦይ አይገባም። ለግራኝ ተብሎ የተሠራ ጊታር ፍለጋ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ስትዞር አትዋል።

ብዙ ጊዜ የሚቃኘው ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ነው፣ ከኢ ኖታ ወደ ኢ ፍላት። ክሩ ይላላል፣ ጣት እንደልቡ ይገፋዋል፣ ለዘፋኝም ጉሮሮ ይቀላል። ጊታሩን ከክፍል እንዳወጣህ ግን አትቃኘው፤ የግቢውን አየር ይልመድ።

አሁን ወደ ፈዙ፣ የጊታሩን ድምፅ ወደሚያሻክረው መሣሪያ። ፈዝ ፌስ የሚባለው ክብ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል መጀመሪያ ላይ የሚሠራው በጀርማኒየም ትራንዚስተር (የኤሌክትሪክ ምልክቱን በሚያጎላ ትንሽ ዕቃ) ነበር። ጀርማኒየም ሲሞቅ ጠባዩ ይለወጣል፣ ድምፁም ይበላሻል። ለንደን የተሠራ ዕቃ የድሬን ከሰዓት በምን ያውቀዋል? ያለህ እሱ ከሆነ እስከምትጫወትበት ሰዓት ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ አምፑ ላይ ደግሞ በፍጹም አታስቀምጠው። ምርጫ ካለህ ትራንዚስተሩ የሲሊከን የሆነውን ያዝ። ጂሚም ኋላ ወደ ሲሊከን ዞሯል።

ቀረጻ ስታሰማ ጊታር ካቃጠለበት ከሞንተሬይ የሙዚቃ ድግስ አትጀምር። እሳቱ ይታያል እንጂ ጨዋታው አይሰማም። "ሊትል ዊንግ"ን አስቀድም። ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ አውራ ጣቱ በጊታሩ አንገት ላይ ዞሮ ባሱን ሲይዝ ሌሎቹ ጣቶች ኮርዱንም ዜማውንም ያስኬዱታል። ቀጥሎ የዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1961፣ ሰኞ ጠዋት። የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ይጀምርና መሀል ላይ ጊታሩ እንደ አውሮፕላን ያፏጫል፣ እንደ ቦንብ ይወድቃል። የቬትናም ጦርነት ነው። በዚህ ጊዜ ማብራሪያ አትስጥ፤ ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ሲደርስ እዚህ የነበሩ ጎረቤቶች ካሉ ወሬውን እነሱ ይጀምሩታል። አታቋርጣቸው፣ ቀጣዩ ዘፈን ይጠብቅ።

መብራት ከሄደ ቦክስ ጊታር ቅርብ ይሁን። መስከረም ካልተመቸህ ደግሞ ልደቱ ኅዳር 18 ነው፤ ሲያትል ውስጥ በ1935 ተወለደ። ኅዳር ላይ ድሬ ቀዝቀዝ ትላለች፣ ጀርማኒየሙም አያኮርፍም።