«ቶሎ የሚወጣው የቱ ነው?»

ክረምት ላይ ደሴ ገብቼ ነበር። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ስወርድ በሸሚዝ ነኝ። ዳገቱን ጨርሰን ደሴ ስንደርስ ጉሙ የጦሳን ተራራ ውጦታል፤ ጃኬቴ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ነው። አክስቴ የምትኖረው ሆጤ ነው። ገና አቦሉ ሳይቀዳ የጎረቤት ልጆች ገቡ። ከጀርመን የመጣ ሰው ለእነሱ ግማሽ ኤምባሲ ነው።

«ጋሼ፣ ቶሎ የሚወጣው ቪዛ የቱ ነው?» አለኝ አንዱ። (ጋሼ መባል ጀምሬያለሁ። ይሁን።)

«ሄደህ ምን ልትሠራ?»

«መጀመሪያ ልግባ። ከዚያ አላህ ያውቃል።»

አልሳቅኩበትም። የዛሬ ስምንት ዓመት እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስዞር፣ «አማካሪ ነኝ» የሚል ሰው አገኘሁ። «የጉብኝት ቪዛ ይቀላል፤ ግባ እንጂ እዚያ ትቀይረዋለህ» አለኝ። ከአጎቴ ገንዘብ ተበድሬ ለሁለት ሳምንት አካውንቴ ውስጥ አስተኛሁት፣ ባንክ ስቴትመንቱ እንዲያምር። የመጣልኝ መልስ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሳጥኗ ላይ ምልክት ተደርጓል፦ ቪዛው ሳያልቅ አገሩን ለቅቄ እንደምወጣ አላሳመንኳቸውም። እውነታቸውን ነው። የመውጣት ሐሳብ አልነበረኝም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው። ደግሞም በቅርብ ከአገር ወጥታችሁ፣ «የያዝኩት ቪዛ ምን ያሠራኛል?» እያላችሁ ግራ ለተጋባችሁ። የምኖረው ጀርመን ስለሆነ አብዛኛው ስለ ጀርመን ነው። ሌላውን አገር በጨረፍታ እነካካዋለሁ።

ቪዛው ላይ የመጣችሁበት ጉዳይ ተጽፏል። መሥራት መቻላችሁ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ፣ ባል ወይ ሚስት ማምጣታችሁ፣ ሁሉም ከዚያ ጉዳይ ይመዘዛል። ከገቡ በኋላ ጉዳዩን መቀየር ደግሞ አማካሪው እንደሚለው አይደለም። እኔ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ «ከሁለት ዓመት በኋላ ጠዋት ተነስተህ የት ነው የምትሄደው? ክፍል? ፋብሪካ? ሆስፒታል?» እላለሁ። መልሱ ሲታወቅ ቪዛው ራሱ ይታወቃል።

ጉብኝቱ

ሸንገን የምትሉት የአውሮፓ የጉብኝት ቪዛ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቆያል። መሥራት አይፈቅድም። ማመልከቻው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ከዚያም በላይ የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 መጨረሻ (በፈረንጆቹ) በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን አጥብቋል። 15 ቀን የነበረው የመልስ ጊዜ 45 ቀን ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባው፣ መልቲፕል የሚባለውም ቀረ። የተሰጠው ምክንያት መንግሥታችን እንዲመለሱ የተወሰነባቸውን ዜጎች ለመቀበል በበቂ አልተባበረም የሚል ነው።

ያም ሆኖ የሚሳካለት አለ። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ አውቃለሁ፤ ለንግድ ትርኢት ብሎ ፍራንክፈርት ገባ። ጎበዝ ነው፣ በወሩ ቋንቋ ትምህርት ቤት ተመዘገበ፣ ዩኒቨርሲቲም የመግቢያ ደብዳቤ ጻፈለት። ደስ ብሎት የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄደ። «ጥሩ፤ አገርህ ተመለስና አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲያችን የተማሪ ቪዛ ጠይቅ» አሉት። ያለ ቪዛ ገብተው እዚሁ ማመልከት የሚችሉት እንደ አሜሪካና ጃፓን ያሉ አገሮች ዜጎች ናቸው። እኛ የለንበትም። ልጁ ግን ብልጥ ነበር፣ 90 ቀኑ ሳይሞላ ተመለሰ። በዓመቱ በትክክለኛው ቪዛ መጣ። ቀኑን ቢያሳልፍ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

«ካልሆነ እጅ እሰጣለሁ» የሚልም አይጠፋም። ጥገኝነት አገሩ ላይ ለተሳደደ ሰው የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ይጠይቅ፣ መብቱ ነው። ታሪክ ፈጥሮ የሚጠይቅ ግን ይህን ይወቅ፦ ጥያቄው ውድቅ ከሆነበት በኋላ ወደ ተማሪነት ወይ ወደ ሠራተኛነት ልዙር ቢል የጀርመን ሕግ ብዙውን በር ይዘጋበታል።

ትምህርት፣ ሙያ፣ ሥራ

እኔ በሁለተኛው ዙር የገባሁት በተማሪ ቪዛ ነው። ማመልከቻው ላይ ከዚህ በፊት ተከልክዬ እንደነበር ጻፍኩ፣ ወረቀቱንም አያያዝኩ። አትደብቁ፤ እነሱ ጋ ተመዝግቧል።

የተማሪ ቪዛ ትልቁ ዳገት ብሎክድ አካውንት ነው። ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ አስቀድሞ ይገባል፤ ከደረሳችሁ በኋላ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅላችኋል። ገንዘቡ የእናንተው ነው፣ ማንም አይበላውም። ግን መጀመሪያ መገኘት አለበት። በእኛ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የስንቱ አባት ስሌት እንደፈረሰ ቤታችሁ ታውቁታላችሁ። መጠኑ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከማስገባታችሁ በፊት ኤምባሲው ገጽ ላይ እዩ።

ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። ይህ ለአስቤዛና ለኪስ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ግን ከቋንቋውና ከፈተናው ጋር እየታገላችሁ ለቤት የምትልኩት ብዙ አይተርፍም። እናቴ በሦስተኛው ወር «ምነው ዝም አልክ?» ስትለኝ ያፈርኩትን አልረሳም። ቤተሰብ መሬት ሸጦ ወይ ተበድሮ ከላካችሁና ብሩ ቶሎ መመለስ ካለበት፣ የተማሪ ቪዛ ልክ አይደለም።

እንዲህ ላለው ሰው የሚሻለው አውስቢልዱንግ ነው። ደሴ ላይ ይህን ስል ፊት ይኮሳተራል። «ዲግሪ ይዤ እንደገና ሙያ ልማር?» ይሉኛል። እስቲ ስሙኝ። አውስቢልዱንግ ማለት ከድርጅት ጋር ውል ፈርማችሁ፣ የተወሰነውን ጊዜ ሙያ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ሥራ ላይ እያሳለፋችሁ የምትሠለጥኑበት ነው። እንደ ሙያው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈላችኋል። ነርስ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ሜካኒክ፣ የሆቴል ባለሙያ መሆን ይቻላል። ሲጨርሱ በዚያው ሙያ ተቀጥሮ መቅረት አለ። የሚጠይቀው ጀርመንኛ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ቢ1፣ ማለትም እስከ መካከለኛው የቋንቋ እርከን። ፈተናውን አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት መፈተን ይቻላል። ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት የሚቀበላችሁን ድርጅት ማግኘት አለባችሁ፤ እሱ ላይ ወራት ይሄዳል። የመልቀቂያ ውጤት ብቻ ይዞ የመጣ አንድ የሐይቅ ከተማ ልጅ ዛሬ ከእኔ ቀድሞ ደሞዝተኛ ሆኗል። እኔ ማስተርስ ይዤ ሥራ ሳመለክት እሱ መኪና ገዛ።

ልምድ ላላቸው ደግሞ ሻንሰንካርተ፣ የዕድል ካርድ፣ አለ። በፈረንጆቹ ሰኔ 2024 ነው የተጀመረው። ሥራ ሳይኖራችሁ ገብታችሁ እስከ አንድ ዓመት እየፈለጋችሁ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ትችላላችሁ። ዲግሪያችሁ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠናችሁ በአገራችን ሕጋዊ ዕውቅና ያለው መሆን አለበት። ከዚያ ነጥብ ይቆጠራል፣ 6 ያስፈልጋል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በተመረቀበት ሙያ ሁለት ዓመት የሠራ የ29 ዓመት የሒሳብ ባለሙያ እንውሰድ። ዕድሜው ከ35 በታች ስለሆነ 2 ነጥብ አለው። ለሥራ ልምዱ ሌላ 2። ጀርመንኛው ኤ2 ከሆነ 1 ይጨመርና 5 ላይ ይቀራል። ቢ1 ከሆነ 2 ይጨመርና 6 ይሞላል። ያቺ አንድ የቋንቋ እርከን ነች የምትለየው። ለመኖሪያ የሚያሳዩት ገንዘብ ግን ከተማሪው ትንሽ ከፍ ይላል።

ስለ ሌሎች አገሮች ባጭሩ (ቀኖቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። እንግሊዝ ከጥር 2024 ጀምሮ፣ በምርምር ዲግሪ ካልሆነ በቀር፣ ተማሪ ሚስትና ልጁን ይዞ እንዳይገባ ከልክላለች። አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ ተብሎ ከውጭ አዲስ ሠራተኛ የሚገባበትም በሐምሌ 2025 ተዘግቷል፤ ስፖንሰርሺፕ ላውጣላችሁ የሚል ካለ ቀኑን ንገሩት። ካናዳ በጎብኚ ገብቶ እዚያው የሥራ ፈቃድ መጠየቅ የሚቻልበትን ጊዜያዊ አሠራር ነሐሴ 28 ቀን 2024 አቁማለች። አሜሪካ የምትቆዩበትን ቀን የሚወስነው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ አይደለም፤ ስትገቡ የሚመዘገበው አይ-94 ነው፤ እሱን አውጥታችሁ እዩ።

ዐረብ አገር

ከወሎ ብዙ ቤት ልጁን የላከው ወደዚያ ነው። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው «ፍሪ ቪዛ» የሚሉት ነገር ነው። እንዲህ የሚባል የቪዛ ዓይነት የለም። እያንዳንዱ የሥራ ቪዛ በአንድ አሠሪ ስም ነው፤ ኢቃማውም፣ የመኖሪያ ካርዱ ማለት ነው፣ እንደዚያው። ደላላው የሚሸጥላችሁ የማታውቁትን ሰው ስም ነው። እዚያ ደርሳችሁ ሌላ ቤት ስትሠሩ ብትያዙ ስህተቱ የእናንተ ይሆናል። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራትም ያው ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንም የደርሶ መልስ ቲኬቱንም ወጪ አሠሪው ላይ ነው የጣለው። ይህን ሁሉ ከእህታችሁ የሚጠይቅ ሰው ካለ ፈቃዱን አሳየን በሉት፣ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ዘንድ አጣሩ።

ደርሳችሁ ከሆነ

ጀርመን ከገባችሁ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ግለጡና ቪዛው ላይ ያለውን አስተያየት አንብቡ። መሥራት መፍቀዱና አለመፍቀዱ እዚያ ተጽፏል። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ ሲወጣ ደግሞ አብሮት ተጨማሪ ወረቀት ሊሰጥ ይችላል፤ እንዳትጥሉት፣ አሠሪ ይጠይቃል።

ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። አከራዩ የሚፈርመው ወረቀት ያስፈልጋል። የሀበሻ ሶፋ ላይ ማደር ይቻላል፣ ያለዚያ ፊርማ ግን መመዝገብ አይቻልም። ሳትመዘገቡ ደግሞ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ይጎተታል። የመኖሪያ ፈቃዱን የመግቢያ ቪዛው ከማለቁ በፊት ጠይቁ። ቀጠሮው ቢዘገይ እንኳ ቀድማችሁ ካመለከታችሁ መልስ እስኪመጣ በሕጋዊነት ትቆያላችሁ። ማስረጃው ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ ይባላል። መጥራት ካቃታችሁ «ፊክሲዮን» በሉ፣ ይገባቸዋል።

ስምና ቀን

ከቪዛው ምርጫ ይልቅ የእኛን ሰው የሚያደክመው ወረቀቱ ነው። መሐመድን ውሰዱ፣ ደሴ ላይ በየቤቱ አለ። ፓስፖርት ላይ በኦ፣ ዲግሪ ላይ በዩ ይጻፋል፤ ኤሟ አንዱ ላይ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ላይ አንድ ጊዜ ትመጣለች። ለእኛ ያው መሐመድ ነው። ለጀርመኑ ሦስት ሰው ነው። የአያት ስምም እዚያ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሚስት የባሏን ስም ስላልያዘች «እርግጥ ባልና ሚስት ናችሁ?» ይመጣል፤ የጋብቻ ወረቀቱና ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ካልገጠሙ ማስረዳቱ ይረዝማል።

ቀኑ ደግሞ አለላችሁ። አንድ ጓደኛዬ በፈረንጅ 1995 ነው የተወለደው። ዲግሪውን ያገኘው በ2009 በእኛ ነው። ተርጓሚው ዓመቱን ሳይቀይር አለፈው። ወረቀቱ ሲነበብ ልጁ በ14 ዓመቱ ኢንጂነር ሆኗል። ይህን ለማስተካከል ሦስት ወር ፈጀበት።

ስለዚህ ማኅተም ከማስመታታችሁ በፊት ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩ። ፓስፖርት ለማውጣት ወይ ለማደስ ደሴም ቢሮ አለ። ለውጭ ጉዳይ ማኅተም አዲስ አበባ የምትወርዱ ከሆነ ግን 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለአንድ ፊደል ሁለቴ አትመላለሱ። በ2014 ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ሰነድ የጠፋባችሁ ደግሞ ምትኩን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ቀጠሮ ሲመጣ መጀመር አይሆንም።

አክስቴ ቤት በረካው ሲቀዳ ያ ልጅ ፓስፖርቱንና ዲግሪውን ይዞ ተመልሶ መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥናቸው። ስሙ መሐመድ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ኤም ሁለት ጊዜ፣ ዲግሪው ላይ አንድ።

«አብሽር» አለችው አክስቴ ስኒውን እያቀበለችው።